ነፋስ ፍለጋ ናክሶስ ድረስ

«እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አለችኝ እናቴ በስልክ።

«ባሕር አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ነፋስ አለ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ነፋስ እንዳይመታሽ ልጄ። አንገትሽን ሸፈን አድርጊ።»

እናቴ አይፈረድባትም። እኛ አገር ነፋስ በሽታ ነው። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ከፈት ሲያደርግ «እባክህ ዝጋው» የሚል ድምፅ ከኋላ አይጠፋም። ላብ ላይ ነፋስ፣ አራስ ቤት ነፋስ፣ ከእንቅልፍ ሲነሱ ነፋስ፣ ሁሉም ክፉ ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔና ባለቤቴ ግን ዘንድሮ የዓመት ዕረፍታችንን የወሰድነው ነፋስ ፍለጋ፣ ናክሶስ ወደምትባል የግሪክ ደሴት ለመሄድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከእሱ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው ያደገው። ውሃ ካላየ አይሆንለትም። የምንኖረው ፍራንክፈርት ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ላንገን የሚባል ቦታ ሐይቅ አለ። በጋ ላይ እዚያ ሄደን ስንቀመጥ፣ ሰሌዳ ላይ ቆመው ሸራ ይዘው ውሃውን የሚሰነጥቁ ሰዎችን ያያል። ዊንድሰርፊንግ ይሉታል። ዓይኑ እዚያው ይቀራል። «አንድ ቀን እንማረዋለን» ስንል ሦስት በጋ አለፈ።

እኔ የምሠራው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ረዘም ያለ ዕረፍት የማገኘው በነሐሴ ነው። ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። በጾም ወደ ባሕር መሄዱ ልቤን ከብዶት ነበር። በኋላ ግሪኮችም በዚሁ ሰሞን የእመቤታችንን ጾም እንደሚጾሙ ሳውቅ ቀለለኝ። በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ይጀምራሉ፣ 15 ላይ በዓሉን አክብረው ይፈታሉ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ከዚህ የበለጠ ለእኛ የሚመች አገር የት ይገኛል?

ናክሶስን የመረጥናት ለጀማሪ የሚሆን ጥልቀት የሌለው ውሃ ስላላት ነው። ኤጂያን ባሕር ላይ ካሉት፣ ኪክላዴስ ከሚባሉት የግሪክ ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት፤ ተራራውም፣ የገጠር መንደሩም፣ ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያንም አላት። ከዚህ በታች ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4፦ መርከቡ ላይ

ከፍራንክፈርት አቴንስ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከአየር ማረፊያው ወደ ፒሬየስ ወደብ ኤክስ 96 የሚባል አውቶቡስ አለ፤ ለአንድ ሰው 5.50 ዩሮ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ሰውና ሻንጣ ተጣብቆ፣ ቆመን ሄድን። ሙቀቱ ድሬዳዋን ያስንቃል።

መርከቡ የሚነሳው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቁጥር የሌለው መቀመጫ ለአንድ ሰው 47 ዩሮ ከፈልን። ሆዱን ከፍቶ የጭነት መኪናውን፣ የቤት መኪናውን፣ ሞተር ሳይክሉን አንድ በአንድ ሲውጥ ቆመን አየን። ከዚያ ላይኛው ክፍት ወለል ላይ ቦታ ያዝን።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ገነት ነበር። ምድሩ ከኋላችን ሲርቅ ነፋሱ መጣ። ያን የሚያህል መርከብ እንደ ቅል ይናጥ ጀመር። ሆዴ ተገለባበጠ፣ ሁለቴ ወደ ላይ አለኝ። ባለቤቴ ጀርባዬን ያሸኛል፣ ሌላ ምን ያድርግ? አጠገባችን ጥቁር የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል። ምንም ሳይናገሩ ከቦርሳቸው ሎሚ አወጡ፣ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። ልጅ ሆኜ በአውቶቡስ ወደ ምንጃር፣ ወደ አያቴ ቤት ስንሄድ እናቴ የምትይዝልኝ ሎሚ ትዝ አለኝ። እንባዬ መጣ። አሮጊቷ የባሰ የታመምኩ መስሏቸው ሎሚውን ሙሉ በሙሉ ሰጡኝ።

5 ሰዓት ይደርሳል የተባለው መርከብ ሌሊት 6 ሰዓት ደረሰ። ወደቡ ጋ ስንጠጋ በጨለማው መሃል መብራት የበራበት የድንጋይ በር ይታያል። ቤት የለው፣ ግድግዳ የለው፣ በር ብቻ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ስልኩን አወጣ።

ያረፍንበት ሰፈር አጊዮስ ዮርጊዮስ ይባላል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ፒያሳ የደረስን ያህል ደስ አለኝ። ማድ ቤት ያለው አንድ ክፍል፣ በቀን 85 ዩሮ። አከራያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው «ያያ» ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው። እኛም ከማግስቱ ጀምሮ ያያ አልናቸው።

እሑድ፣ ነሐሴ 5፦ በር ብቻ የቀረው ቤተ መቅደስ

ጠዋት በእግራችን ወደ በሩ ሄድን። ፖርታራ ይሉታል፣ ትልቁ በር። ከከተማው ጋር በጠባብ መንገድ የተያያዘች ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ለአፖሎ ቤተ መቅደስ ሊሠሩ ጀምረው ሳይጨርሱት ቀሩ። በኋላ ቬኒሲያውያን መጥተው እብነ በረዱን እየነቀሉ ላይኛው ምሽግ ላይ ገነቡበት። በሩን ግን መንቀል አልቻሉም፤ እያንዳንዱ ድንጋይ 20 ቶን ያህል ይመዝናል። ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ ሳይ ነፋሱ በበሩ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማኛል። ቀሚሴን በሁለት እጄ ይዤ ነው የተነሳሁት ፎቶው።

ምሽጉ ውስጥ ያለው ሰፈር ካስትሮ ይባላል። መንገዱ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ግድግዳው በኖራ የነጣ ነው። ጁገልን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም፤ ሐረርም እንዲሁ ናት፣ አንዱን ጠባብ መንገድ ይዘህ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ትወጣለህ።

ከሰዓት አንድ ምግብ ቤት ገባንና ባለቤቴ ስልኩ ላይ የጻፈውን ቃል አነበበ፦ «ኒስቲሲሞ»፣ የጾም ማለት ነው። አስተናጋጁ ፊቱ ፈካ። ዝርዝሩን ዘጋውና ራሱ ቆጠረልን። ፋቫ አለ፣ ትላልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም አለ፣ ሆርታ የሚሉት የተቀቀለ ጎመን በወይራ ዘይትና በሎሚ አለ። ኦክቶፐስም ጨመረልን፤ እነሱ በጾም ደም የለውም የሚሉትን የባሕር ፍጥረት ይበላሉ። እኛ እሱን ተውን። ፋቫው ሲመጣ ተያየን። ክክ አልጫ ነው! እርድ የለውም እንጂ ያው የአተር ክክ ነው፤ ላምቶ፣ ላዩ ላይ ጥሬ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ፈሶበት። የጎደለው እንጀራው ብቻ ነው። ናክሶስ በድንችዋ የታወቀች ናት፣ የተጠበሰው ድንች እውነትም ይጣፍጣል። ለሁለታችን 27 ዩሮ ከፈልን። ፍራንክፈርት በዚህ ብር አንድ ሰው ነው የሚበላው።

ማታ ያያ ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡን። ከቤት የያዝኩትን የተቆላ ቡና ስሰጣቸው አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በትንሿ ረጅም እጀታ ባላት ማፍያቸው ራሳቸው አፈሉት። ላዩ ላይ የሚቆመውን አረፋ ካይማኪ ይሉታል፤ አረፋ የሌለው ቡና ለእንግዳ አይቀርብም። አተላውም ከሲኒው ሥር ይቀራል። ያያ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኛ ግሪክኛ አንችልም። አንድ ሰዓት ሙሉ ግን ተጫወትን።

ሰኞ፣ ነሐሴ 6፦ «ነፋሱ ከየት ነው?»

ከሰፈራችን የባሕር ዳርቻ ጫፍ ላይ አሸዋና ድንጋይ ከትልቁ ባሕር የከለለው ሰፊ ውሃ አለ። ላጉን ይሉታል። እስከ ወገብ ነው፣ መሃሉ ላይም ቆመህ ትሄዳለህ። ማዕበል አይገባውም፣ ነፋስ ግን እንደልቡ ያልፍበታል። የዊንድሰርፊንግ ትምህርት ቤቶቹ ያሉት እዚህ ነው። ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለሁለታችን 300 ዩሮ። ልብሱ፣ ሰሌዳው፣ ሸራው ሁሉ ከነሱ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ዋና ትችላላችሁ?» ነው። እኔ ዋና የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ፍራንክፈርት መጥቼ ነው። «እችላለሁ» ስል ኩራት ተሰማኝ።

ለጀማሪ የሚመቸው የጠዋቱ ነፋስ ነው፣ ለስላሳ ነው። ከሰዓት ይበረታል። እኛ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት አንቀምስም። ስለዚህ በባዶ ሆዳችን ነው የተማርነው።

አስተማሪያችን ወጣት ሴት ናት። ወደ ውሃ አላስገባችንም መጀመሪያ። አሸዋው ላይ አቁማ «ነፋሱ ከየት ነው?» አለችን። ባለቤቴ በእጁ አመለከተ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች። «ፊታችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሁለቱም ጆሯችሁ እኩል ሲሰማ፣ ያኔ ነፋሱን ፊት ለፊት እያያችሁት ነው።» ጨፈንኩ። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ሹ ይላል፣ ቀኙ ዝም ብሏል። ትንሽ ዞርኩ። ትንሽ ጨመርኩ። ድንገት ሁለቱም ጆሮዬ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ግንባሬ መሃል ላይ ቅዝቃዜ አረፈ። ዓይኔን ስገልጥ ወደ ሰሜን ነው የቆምኩት። በዚህ ዕድሜዬ ነፋስን እንዲህ አዳምጬው አላውቅም ነበር። ስሸሸው ነው የኖርኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸራው ምሰሶ አለው፣ ምሰሶው ከሰሌዳው ጋር የሚገናኘው በሁሉም አቅጣጫ በሚተጣጠፍ ጎማ ነው። ሸራው ውሃ ላይ ተኝቶ ይጀመራል። እግርህን ከምሰሶው ግራና ቀኝ ታደርጋለህ፣ ለነፋሱ ጀርባህን ትሰጣለህ፣ ጉልበትህን ሰበር ታደርግና ገመዱን ትስባለህ። በወገብህ ከሳብክ አለቀልህ፤ በጭንህ ነው። ሸራው የተሸከመውን ውሃ እያራገፈ ቀስ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ቡም የሚሉትን መያዣ በፊተኛው እጅህ፣ ቀጥሎ በኋለኛው ትይዛለህ። የኋለኛውን እጅ ወደ ራስህ ሳብ ስታደርግ ነፋሱ ሸራው ውስጥ ይገባና ሰሌዳው ይሄዳል። መቆም ስትፈልግ ትለቀዋለህ። ፍሬኑ መልቀቅ ነው።

ሸራው ከበደኝ። ስስበው ይነሳል፣ ሊደርስ ሲል ወደ ጀርባዬ እወድቃለሁ። ሃያኛው ላይ መቁጠር ተውኩ። ባለቤቴ ግን ሰሌዳው ላይ ሲቆም እንደ ታንኳ ቀዛፊ ነው፣ ገና ከጅምሩ አልተንገዳገደም። ሁለት ሰዓቱ ሲያልቅ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ መዳፌ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። በመጨረሻው ላይ ግን ለአሥር ቁጥር ያህል ሄድኩ። ከሰሌዳው ሥር የውሃው ድምፅ ሲቀየር፣ ፉት እንደሚሉት ዓይነት ድምፅ ሲያወጣ ሰማሁት። ያ ድምፅ ማታ አልጋዬ ላይም አብሮኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7፦ መሄዱ ቀላል ነው

ዛሬ ነፋሱ ቶሎ በረታ። ባለቤቴ ትናንት ቀንቶት ስለነበር ልቡ ሞልቷል። ላጉኑን አቋርጦ ወዲያ ማዶ ሄደ፤ ጀርባውን እያየሁ አጨበጨብኩለት። መመለስ ግን እምቢ አለው። በሸራ ቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ አይቻልም፤ ሰያፍ እየተጓዙ፣ እየዞሩ፣ ደረጃ እንደ መውጣት ነው። እሱን ገና አልተማርነውም። በዞረ ቁጥር ይበልጥ ራቀ። በመጨረሻ ከሰሌዳው ወርዶ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ፣ ነፋሱን እየተጋፋ ሰሌዳውንና ሸራውን እየጎተተ ወደ አርባ ደቂቃ በእግሩ መጣ። የባሕሩ ድንጋይ እግሩን ቆርጦታል። አስተማሪዋ ቁስሉን አጥባ አሸገችለትና «ሰሌዳውን አለመልቀቅህ ጥሩ ነው፤ ሰሌዳውን የለቀቀ ሰው ነው የሚያሰጋው» አለችው። ከሰዓት በኋላ ለጀማሪ የሚሆን ነፋስ ስላልነበር ሁሉም ሰው ተመለሰ።

ይህ የሰሜን ነፋስ ሜልቴሚ ይባላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ቀናት ሙሉ ይነፍሳል። ባልካን በኩል ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊት ወደ ቱርክ ዝቅተኛው ግፊት ሲገፋ የሚመጣ ነው። ባለቤቴ እግሩን ሰቅሎ ስለ ነፋሱ ሲያነብ አንድ ነገር አግኝቶ ከወንበሩ ተነሳ። የጥንቶቹ ግሪኮች ይህንኑ ነፋስ ኢቴሲያ ይሉት ነበር። ፈላስፋው ታሌስ፣ ዓባይ በበጋ ግብፅ ላይ የሚሞላው ይህ ነፋስ አፉ ላይ ቆሞ ውሃውን ስለሚያግደው ነው ብሎ ያስብ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ይህን ሐሳብ ጠቅሶ አይሆንም ብሏል፤ እውነተኛውን ምክንያት ግን እሱም አላገኘውም።

«ምክንያቱማ የኛ ክረምት ነው» አለ ባለቤቴ። ከዚያ ባሕር ዳር ለወንድሙ ደወለ። እዚያ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል፣ ዓባይ ደፍርሶ ድልድዩ ሥር እያገሳ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ። በዚያው በነሐሴ፣ እዚህ ደመና የሌለበት ሰማይ፣ እዚያ ጎርፍ። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። አገር ናፈቀን።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8፦ አውድማው

ለሁለት ቀን ትንሽ መኪና ተከራየን፣ በቀን 65 ዩሮ። መንገዱ ከባሕሩ ተነስቶ ወደ መሃል ደሴቷ ይወጣል። ከኪክላዴስ ረጅሙ ተራራ ዛስ እዚህ ነው፤ ከፍታው ከ1000 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አዲስ አበባ ለተወለደ ሰው ይህ ቆላ ነው፣ አየሩ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ይላል። ሸለቆው ሙሉ ወይራ ነው። እኛ ወይራን የምናውቀው በጭሱ ነው፤ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል፣ የጠላ ጋን ይታጠንበታል። እዚህ ግን ፍሬው ተንዠርግጎ አየሁት።

ሃልኪ የምትባል መንደር በፈረንጆቹ ከ1896 ጀምሮ ኪትሮን የሚያወጣ ቤት አለ። ከትርንጎ ቅጠል የሚጣራ መጠጥ ነው። የመዳብ ማውጫውን ያሳያሉ፣ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ከጾም በኋላ የሚቀመስ አንድ ትንሽ ጠርሙስ በ12 ዩሮ ገዛን። በስኳር የተቀቀለ የትርንጎ ልጣጭ በማንኪያ አቀመሱን፣ እሱ የጾም ነው።

ሞኒ ከምትባለው መንደር በታች ፓናጊያ ድሮሲያኒ አለች። ከደሴቷ እጅግ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት፤ ከሥዕሎቿ አንዳንዶቹ ከ7ኛው መቶ ዓመት የቀሩ ናቸው። ድንጋይዋ ሻካራ፣ ጉልላቷ ዝቅ ያለ፣ ከምድር የበቀለች ትመስላለች። ደጃፉ ላይ ስደርስ ሳላስበው ጫማዬን አወለቅኩ። ጠባቂዋ ሴት ደንግጠው «ግቢ፣ ግቢ፣ ጫማሽን አድርጊ» በሚል እጃቸውን አወዛወዙ። ባለቤቴም አውልቆ አጠገቤ ቆሟል። ሴትዮዋ እኛንም እግራችንንም አዩ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጫማዎቻችንን ከፀሐዩ ወደ ጥላው አዛወሩልን። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ሰም ሰም ይሸታል። ወለሉ እግሬን ሲነካኝ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባሁ የመሰለኝ።

ከዚያ ስንመለስ አቋራጭ ብለን ኮረኮንች መንገድ ያዝን። ጎማ ፈነዳ። ከኋላ ከፍተን ስናይ ስኮርታ የለም፤ ጎማ የሚደፍን የአረፋ ጠርሙስ ነው ያለው፣ እሱም ባዶ። አከራዮቹ ስልክ አያነሱም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግማሽ ሰዓት ከቆምን በኋላ አንድ ሽማግሌ በአህያ መጡ። በግሪክኛ ጠየቁን፣ አልገባንም። በእንግሊዝኛ ሞከርን፣ አልገባቸውም። ተስፋ ቆርጠን እርስ በርስ በጀርመንኛ «አሁን ምን እናድርግ?» ስንባባል ሽማግሌው ቀጥ አሉ። «ከጀርመን ናችሁ?» አሉን፣ በጀርመንኛ! በወጣትነታቸው ሽቱትጋርት አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ሁለቱ አገሮች በፈረንጆቹ 1960 የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ እንደሳቸው ያሉ ብዙ ግሪኮች ሄደዋል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ብቸኝነቱ ነገሩን። የእኛን ኑሮ ሳንነግራቸው ያውቁታል።

ለእህታቸው ልጅ ደወሉ። እሱ እስኪመጣ ወደ ጥላ ወሰዱን። ጥላው አጠገብ፣ ኮረብታው ትከሻ ላይ፣ ክብ ሆኖ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ቦታ አለ። ዙሪያው ዝቅ ያለ የድንጋይ ክበብ። በድንጋዮቹ መሃል ደረቅ ሣር በቅሏል። ሳየው ቃሉ ከአፌ ወጣ፦

«አውድማ!»

«አሎኒ ነው» አሉ ሽማግሌው። ገብስ ይወቃበት ነበር። በቅሎና በሬ እያዞሩ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሜልቴሚው ሲነሳ በመንሽ ወደ ላይ። ለዚህ ነው ነፋስ የሚያገኘው ትከሻ ላይ የሠሩት። እጃቸውን አንስተው አሳዩን፤ ማፈስ፣ ወደ ላይ መወርወር፣ ማፈስ። ክንዳቸው አሁንም እንቅስቃሴውን አልረሳም።

እኔ አያቴን አየሁ። ለገና ዕረፍት ምንጃር ስንሄድ የጤፍ ውቂያ ነበር። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፣ በሬዎቹ ሲዞሩ ውለዋል። ከዚያ ሁሉም ነፋስ ይጠብቃል። ነፋስ ሲጠፋ አያቴ መንሻቸውን ተደግፈው ወደ ሰማይ እያዩ ቀስ ብለው ያፏጩ ነበር። ያፏጫሉ፣ ያዳምጣሉ። ሲመጣ «መጣ! መጣ!» ብለው ይነሳሉ። ገለባው ወርቅ መስሎ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል። እናቴ «ነፋስ እንዳይመታሽ» እያለች ነጠላዋን የምታለብሰኝ በዚያው አውድማ ዳር ነበር።

ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ፤ እኛም ተቀመጥን። የእህታቸው ልጅ በፒካፕ መጥቶ ጎማውን በአሥራ አምስት ደቂቃ ደፈነልን። ሃያ ዩሮ ስንሰጠው አምስቱን መለሰ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9፦ ክሮኒያ ፖላ

ዛሬ ኦገስት 15 ነው፣ የነሱ ፍልሰታ። ፊሎቲ የምትባለው መንደር በዓሉ ትልቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ሞልታ ሕዝቡ ደረጃው ላይ ፈሷል። ቅዳሴው አልገባንም፤ «ኪርያላይሶን» ሲባል ግን ከሕዝቡ ጋር እኩል መለስን። የኛም ካህናት የሚሉት ነው። አጠገባችን የቆሙት ዞረው አዩንና ፈገግ አሉ። ሲወጡ ሰው ሁሉ «ክሮኒያ ፖላ» ይባባላል፣ ብዙ ዓመታት ማለት ነው። ዓመት ዓመት ያድርሰን እንደምንለው።

ከዚያ ማዕድ ሆነ። አደባባዩ ላይ ሰፊ የጥላ ዛፍ አለ፣ ቫዮሊንና ላውቶ የሚሉት ባለ ክር መሣሪያ ይመታል። ከአንድ ቤተሰብ ጋር አስቀመጡን፣ የፍየል ሥጋ ቀረበ። የኛ ጾም ገና አንድ ሳምንት እንደቀረው ስናስረዳ እናትየዋ ተነሱ። በዓል ቀን እንግዳ ሳይበላ ሊቀር ነው ብለው ተጨንቀዋል። ከቤታቸው የትናንቱን፣ የመጨረሻውን የጾም ቀን ሽምብራ አሙቀው በጎድጓዳ ሳህን አመጡልን። ሽንኩርትና ሮዝመሪ አለው፣ ቀስ ብሎ በምድጃ ያደረ ነው። ከጉዞው ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው። ባለቤቴን ጎትተው ክቡ ጭፈራ ውስጥ አስገቡት፤ እግራቸውን ሲያይ ቆይቶ ያዘው።

ማታ ወደ ሰሜን ጫፍ፣ አፖሎናስ ድረስ ነዳን። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ፍየሎች መሃሉ ላይ ይተኛሉ። እዚያ ከድንጋዩ ተፈልፍሎ ሳያልቅ የቀረ ሐውልት በጀርባው ተኝቷል። 10 ሜትር ከ70 ነው፣ ጢሙ ይታወቃል። ጠራቢዎቹ ስንጥቅ አይተው ሳይተዉት አልቀረም። አክሱም የወደቀው 33 ሜትሩ ሐውልት አጠገብ የቆምኩ ቀን የተሰማኝ ነገር ተመለሰ። ያን ሁሉ ቀን የመታው መዶሻ ያሳዝነኛል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10፦ ፉጨት

ሦስተኛው ትምህርት። ዛሬ ከወደቅኩት ይልቅ የቆምኩት ይበልጣል። ሸራውን ወደ ኋላ ዘንበል ሳደርገው የሰሌዳው አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ወደ ፊት ሳደርገው ይሸሻል። ሲገባኝ ሰውነቴ ቀለለ። ባለቤቴም መመለስን ተማረ፤ ሰያፍ ሰያፉን እየሄደ፣ እየዞረ፣ በተነሳበት ቦታ ላይ ደረሰ። ወዲያው ተመልሶ ሄደ።

እኔ ላጉኑ መሃል ስደርስ ነፋሱ ድንገት ጠፋ። ሸራው ረገበ። ሰሌዳው ላይ ቁጭ አልኩና እግሬን ውሃ ውስጥ ሰደድኩ። ፀጥ ያለ ነው፣ ከሥሬ የአሸዋው ሽንሽን ይታያል። ሳላስበው አፏጨሁ፤ እንደ አያቴ ቀስ ብዬ። አፏጨሁ፣ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ከሩቅ ውሃው ላይ ጥቁር ጥላ የሚመስል ነገር ወደኔ መጣ፤ ነፋስ ሲጠጋ ውሃው ይሸበሸብና ይጠቁራል። ግራ ጆሮዬ ሰማው፣ ቀጥሎ ቀኙ። ተነሳሁ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ እስከ ዳር ሳልወድቅ ደረስኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11 እና እሑድ፣ ነሐሴ 12፦ አፓጎረፍቲኮ

ለመመለሻ ጠዋት የሚነሳ ፈጣን መርከብ ቆርጠን ነበር፣ ለአንድ ሰው 78 ዩሮ። ያያ ገና በራችንን ሲያንኳኩ ገባን። «አፓጎረፍቲኮ» አሉ፣ ጣታቸውን ወደ ባሕሩ። ነፋሱ ሲብስ ወደብ ላይ መርከብ እንዳይወጣ ይታገዳል፣ ስሙ ይህ ነው። ትናንሾቹና ፈጣኖቹ ቀድመው ይቆማሉ። የቲኬቱ ገንዘብ ተመለሰልን፣ በትልቁ የማታ መርከብ ቦታ እስክናገኝ ግን ሦስት ሰዓት ተሰለፍን። ፒሬየስ የከፈልንበት ሆቴል ሳንተኛበት ቀረ፤ 90 ዩሮ ሄደ። ሌሊት 8 ሰዓት ደርሰን በዚያው ኤክስ 96 ወደ አየር ማረፊያ ሄድን፣ ወንበር ላይ አደርን። ወደ ደሴት የሚሄድ ሰው በመመለሻው አንድ ሙሉ ቀን ትርፍ ይያዝ። ባሕሩ ላይ ግን በዚህኛው ጉዞ አላመመኝም። ያያ ሲሸኙን ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሎሚ አስቀምጠው ነበር።

ሰኞ ቡሄ ነው። ሙልሙል ጋግሬ ለእናቴ ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ያው ነው፣ «ነፋሱስ?» የሽማግሌውን አውድማ ነገርኳት። ሌላውን ሁሉ ተወችው።

«በእበት ነው የተለቀለቀው ወይስ በድንጋይ?»

«በድንጋይ ነው እማዬ። ክብ ነው። ትከሻ ላይ።»

«ትከሻ ላይ ከሆነ ያውቃሉ» አለች። «አባቴም ቦታውን ሲመርጥ ሁለት ቀን እየዞረ ነበር። ልጆቹን ዓይናችሁን ጨፍኑ እያለ።»

«ለምን?»

«ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እንድንሰማለት ነዋ።»